የግራሞፎን የድምፅ ሳጥን፦ ጎማዋን መቀየር፣ ለባለሙያ መላክ ወይስ ሌላ መግዛት?

ሞላው ይጠቀለላል፣ ሰሃኑ ይዞራል፣ ዘፋኙ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይንጣጣል፣ ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። እንዲህ የሆነ ግራሞፎን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ወይም ጡሩምባው አይደለም። ችግሩ ያለው በክንዱ ጫፍ ላይ፣ መርፌውን በያዘችው ክብ ሳጥን ውስጥ ነው። መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ይህች የድምፅ ሳጥን ስትደክም መንገዱ አራት ነው፦ ራስ ፈትቶ ጎማዋን መቀየር፣ ለባለሙያ መላክ፣ የዘመኗን ሌላ አሮጌ ሳጥን መፈለግ፣ ወይም ዛሬ የሚሠራ ቅጂ መግዛት።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ገላዋ ነሐስ፣ ድያፍራሟ (ድምፅ የሚያወጣው የሚርገበገብ ስስ ክብ ገጿ) ሚካ የተባለ ማዕድን የሆነች ሳጥን በቤት ጠረጴዛ ላይ ትጠገናለች፤ አዲስ ቅጂ ገዝቶ እሷን መሳቢያ ውስጥ መጣል ኪሳራ ነው። ድያፍራሟ አሉሚኒየም የሆነችውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ገላዋ ግራጫ የዚንክ ቅልቅል ሆኖ የተሰነጠቀችዋ ላይ ደግሞ ገንዘብ አይፍሰስ፤ ሌላ ይፈለግላት። የኤዲሰን ዕቃዎች ለብቻቸው ናቸው፣ ወደ መጨረሻው እንደርስባቸዋለን።

በእጅዎ ያለችው የትኛዋ ናት?

አሠራሯን ማወቅ ጥፋቷን ለማግኘት ይረዳል። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ መርፌውን የያዘው ዘንግ መሃሉ ላይ ተደግፎ እንደ ሚዛን ክንድ ይንቀሳቀሳል። የዘንጉ ላይኛ ጫፍ ከድያፍራሙ እምብርት ጋር በትንሽ ብሎን ታስሯል፤ ድያፍራሙም እንደ ጆሮ ታምቡር ይርገበገባል። ጠርዙን ከፊትና ከኋላ የያዙት ሁለት የጎማ ቀለበቶች ናቸው፣ መካኒክ ጓርኒሲዮን የሚላቸው ዓይነት። ከድያፍራሙ ጀርባ ያለው አየር በክንዱ አልፎ ጡሩምባው ይደርሳል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ማጉያ የለም፤ ስለዚህ በቀዳዳ የሾለከ ወይም በደረቀ ጎማ የታፈነ ድምፅ የሚተካበት መንገድ የለም። ከ80 እና ከ100 ዓመት በኋላ ጎማው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያኔ የሚካው ጠርዝ ይታሰራል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ጮክ ያለው ይንጣጣል።

ሚካ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ በስስ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ነው። ከፊት ሲያዩት ውስጡ ይታያል፣ አንዳንዴም ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ አለው። የቪክተር ኩባንያ ኤግዚቢሽንና ቁጥር 2 የተባሉት ሳጥኖች፣ የሂዝ ማስተርስ ቮይስ ኩባንያም ቁጥር 4 ባለ ሚካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሸክላ በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቀረፅ ሲጀምር ቪክተር ኦርቶፎኒክ የተባለችውን ሳጥን አወጣ፤ የዚህችኛዋ ድያፍራም ቅርፅ የወጣለት ስስ የአሉሚኒየም ቅልቅል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በተሸጠው 102 በተባለው የሂዝ ማስተርስ ቮይስ ሻንጣ ግራሞፎን ላይ በብዛት የሚገኙት 5ኤ እና 5ቢም ባለ ብረት ድያፍራም ናቸው።

ቀጥሎ ገላዋን ይመርምሩ። ላይዋ በኒኬል ስለተለበጠ አያታልልዎ፤ ከክንዱ አውጥተው ልባጡ የተፋቀበትን ወይም የጀርባዋን ጉሮሮ ውስጥ ይዩ። ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው። ድብዝዝ ያለ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው። የዚያን ዘመን የዚንክ ቅልቅል እርሳስና ሌላ ቆሻሻ ስለሚገባበት ከዓመታት በኋላ ከውስጡ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ምልክቱ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅና አልከፈት የሚል የጀርባ ክዳን ነው። እንዲህ ያለችውን በካቻቪቴ መፈልቀቅ ቁርጥራጭ መሰብሰብ ብቻ ነው ትርፉ።

ጎማው ላይ የሚደረገው ምርጫ

ባለ ሚካዋን ለመጠገን ከወሰኑ ትልቁ ጥያቄ ምን ዓይነት ጎማ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ውስጡ ባዶ የሆነ ነጭ የጎማ ቱቦ ነበር። ባዶነቱ ነው ቁም ነገሩ፦ ሚካው በአየር ትራስ ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ ይርገበገባል። በውፍረቱ ትክክል የሆነ ጠጣር የጎማ ገመድ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሲጫወት ግን ድምፁ የታነቀ ይሆናል።

ለግራሞፎን ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ቱቦ ቀዳሚው ምርጫ ነው፤ ውጪያዊ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያለ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል፣ ቀላልም ስለሆነ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ሲሊኮን ቱቦ ደግሞ አይደርቅም፣ ላብና ሙቀት አይበላውም፤ ግድግዳው በጣም ከሳሳ ግን ሚካውን አጥብቆ አይዝም፣ ጮክ ባለው ቦታ ላይ ይንዘፈዘፋል። ለስላሳ ሆኖ ሲጫኑት ወዲያው ወደ ቅርፁ የሚመለሰውን ይምረጡ። በድሮ የብስክሌት ቫልቭ ላይ የሚለበሰው ቀጭን ጎማ ከተገኘ ያገለግላል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ ጉዳቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ መጣበቅና መበጣጠስ ነው። የግሉኮስ ቱቦ ግን ብዙ ሰው የሚሞክረው ስህተት ነው፦ ፕላስቲክ ስለሆነ ተጨምቆ አይመለስም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስም እንዲሁ ነው።

ውፍረቱን በግምት አይውሰዱት። አሮጌው ጎማ ስለጠፈጠፈ እሱን መለካት ያሳስታል። ይልቅ ሳጥኗን ከፍተው ለጎማው የተተወውን ቦታ ይለኩ፤ አዲሱ ቱቦ ክዳኑ ሲታሰር ከውፍረቱ ጥቂት ብቻ ተጨምቆ ክብነቱን ሳያጣ መቅረት አለበት።

ሚካውን ማቆየት ወይስ መለወጥ?

ማቆየት ይሻላል፣ ሁለት ነገር ካልታየበት በቀር። አንደኛው ከእምብርቱ ቀዳዳ የሚነሳ ስንጥቅ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያንጣጣል። ሁለተኛው ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ነጣ ያለ ደመና ነው፤ ድርብርቡ እየተላጠ ነው ማለት ነው። ደመናው ጎማው ከሚይዘው ጠርዝ ካላለፈ ችግር የለውም። የተሰነጠቀውን በጥፍር ቀለም የሚለጥፉ አሉ፤ ምትክ እስኪመጣ ድረስ ይሁን።

ምትኩን ከእምብርቱ ተበስቶ፣ በልክ ተቆርጦ የሚሸጠውን ይዘዙ፤ አሮጌውን በካሊፐር እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ድረስ ለክተው ይላኩ። ከካውያ ወይም ከማይክሮዌቭ የሚወጣውን ሚካ አይመኑት፤ ያ በአብዛኛው የሚካ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጭኖ የተሠራ ስለሆነ ወፍራምና ደረቅ ነው። በባለ ሚካ ሳጥን ላይ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ማስገባት ደግሞ ድምፁን ያጎላል፣ ግን የቆርቆሮ ጣዕም ይሰጠዋል። ግልጽ ፕላስቲክ ተቃራኒው ነው፣ ያፈዘዋል። ሁለቱንም አንመክርም።

ባለ ሚካዋን መፍታትና መግጠም

የሚያስፈልገው የሰዓት ጠጋኝ ካቻቪቴ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ የጥርስ እንጨት፣ ስለታም ምላጭ፣ አልኮልና ጥጥ፣ የአተር ፍሬ የምታህል የንብ ሰም ነው። ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉ፤ የእምብርቱ ብሎን ምንጣፍ ላይ ከወደቀች አትገኝም። ከመጀመርዎ በፊት በስልክ ከሁሉም ጎን ፎቶ ያንሱ።

መርፌውን አውጥተው ይጀምሩ። የእምብርቱን ብሎን ከመፍታት በፊት አሮጌውን ሰም በሞቀ መርፌ ያለስልሱት፤ ከሚካው ጀርባ ዳዶ ካለው ዳዶውን በፒንሳ ይያዙ። አብሮ ከዞረ ሚካው ይሰነጠቃል፣ በዚህ ሥራ ብዙ ሚካ የሚሞተው በዚህች ሰከንድ ነው። ከዚያ የዘንጉን ሁለት የሞላ ብሎኖች ስንት ዙር እንደተፈቱ እየቆጠሩ ይፍቱና ዘንጉን ያውጡ። አሻፈረኝ ላለ ብሎን አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨምረው ያሳድሩት።

የጀርባውን ክዳን የያዙት ብሎኖች በኤግዚቢሽን ላይ 3 ናቸው። ክዳኑ ሲነሳ ሚካው ከደረቀው ጎማ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። በብረት አይፈልቅቁት፤ ጎማውን በጥርስ እንጨት እየሰበሩ ያንሱት፣ ሚካው በራሱ ይለቃል። ሚካውን አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ እንጂ ውኃ ውስጥ አይዝፈቁት፤ ውኃው በድርብርቡ መካከል ይገባል። የሳጥኗን ጠርዝ የተጣበቀ ጎማ እስከማይቀር ድረስ ያጽዱ፣ ምክንያቱም አንዲት ቅንጣት ሚካውን ወደ አንድ ጎን ታዘነብለዋለች።

የቱቦው ርዝመት በስሌት ይወጣል፦ የሳጥኗ የውስጥ ስፋት ሲቀነስ የቱቦው ውፍረት፣ ያንን በ3.14 ማባዛት። የውስጥ ስፋቱ 46 ሚሊሜትር፣ ቱቦው 3 ሚሊሜትር ከሆነ 43 ሲባዛ በ3.14፣ ማለትም 135 ሚሊሜትር። 137 ላይ ቆርጠው በቦታው እየለኩ ይከርክሙት። ጫፎቹ በምላጭ ቀጥ ብለው ተቆርጠው መገናኘት አለባቸው፤ ክፍተት ቢኖር አየር ይሾልካል፣ ቢደራረቡ ሚካው ጉብ ይላል። ሙጫ አያስፈልግም። የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ መጋጠሚያ በአንድ ቦታ አይዋል፣ አንዱ ለአንዱ ፊት ለፊት ይሁን።

የፊት ጎማ፣ ሚካ፣ የኋላ ጎማ፣ ክዳን፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሚካው የሳጥኗን ግድግዳ በየትም በኩል እንዳይነካ መሃል ያስይዙት። የክዳኑን ብሎኖች እያፈራረቁ፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር ያጥብቁ። ክዳኑ ሚካውን እንዳይንቀሳቀስ ሲይዘው ይብቃ። «አጥብቄ ልሰረው» የሚል እጅ አዲሱን ጎማ እንደ አሮጌው ያደርገዋል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ጥገናው ጥሩ የሚሆንበትን ወይም የሚበላሽበትን ይወስናል። ዘንጉን መልሰው ሁለቱን የሞላ ብሎኖች በቆጠሩት ዙር ካሰሩ በኋላ፣ የእምብርቱን ብሎን ሳያስገቡ ከጎን ይመልከቱ፦ የዘንጉ ጫፍ የሚካውን ቀዳዳ ሳይገፋና ሳይርቅ ልክ ነክቶት መቆም አለበት። ክፍተት እያለ በብሎኑ ጎትተው ካጣበቁት ሚካው እንደ ሳህን ይጎብጣል፣ ድምፁም ይታፈናል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በሞላዎቹ ብሎኖች ይስተካከላል። ካልሆነ ዘንጉን ከሳጥኗ አውጥተው በሁለት ፒንሳ እጅግ በትንሹ ያጉብጡት፤ ሳጥኗ ላይ እንዳለ በፍጹም። ከዚያ ብሎኑን ያስገቡ፣ በሞቀ መርፌ ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል የሰም ጠብታ በእምብርቱ ላይ ከፊትና ከኋላ ያንጠባጥቡ። ሰሙ አየር ይዘጋል፣ ብሎኑም እንዳይንጣጣ ይይዘዋል። ብዙ ሰም ግን ክብደት ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል።

ሳጥኗን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘውን የጀርባ ጎማ አይርሱት። እሱም ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሳጥኗም ትወላገዳለች። ፊቱን ከቀየሩ በኋላ ይህን አሮጌ ጎማ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

ባለ አሉሚኒየሟ ለምን ወደ ባለሙያ?

በኦርቶፎኒክ ላይ የመርፌው ዘንግ ከድያፍራሙ ጋር የተያያዘው በስታኞ ነው። ለመፍታት ስታኞውን ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ጥቂት ሰከንድ ከረዘመ ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ ስሱ አሉሚኒየም ይጨማደዳል፣ የተጨማደደ ደግሞ አይቃናም። ዘንጉ የሚሽከረከረው በጥቃቅን ኳሶች ላይ ነው፤ እነሱም ሲበተኑ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ድምፅዋ ግን ልፋቱን ያካክሳል፦ በደህና ሁኔታ ያለች ባለ አሉሚኒየም ሳጥን እ.ኤ.አ. ከ1925 በኋላ የተቀረፁ ሸክላዎችን ባስ ከማንኛዋም ባለ ሚካ ይልቅ ታሰማለች።

ከመላክዎ በፊት ባለሙያው የዘንጉን ኳሶች፣ የድያፍራሙን ዙሪያና የጀርባውን ጎማ አብሮ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ «ጎማ ብቻ» የሚል ዋጋ ርካሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሲልኩ መርፌውን ያውጡ፣ ፊቷ ላይ ምንም እንዳይጫን በጠንካራ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጧት።

ሌላ አሮጌ ወይስ አዲስ ቅጂ?

ገላዋ ለተሰነጠቀች ሳጥን ምትኩ የዘመኗ አቻ ነው። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የክንዱን ጫፍ ውጪያዊ ስፋት ይለኩ፤ የአንዱ ኩባንያ ጉሮሮ ለሌላው ላይሆን ይችላል፣ በቴፕ ጠቅልሎ ማጥበብም አየር ያሾልካል። አሮጌ ሳጥን ሲገዙ ጎማዋ ደርቆ መገኘቱ አያስከፋ፣ ደርቆ እንደሚገኝ አስቀድመው ያስቡት። የሚታየው ሌላ ነው፦ ሚካው፣ የዘንጉ መደገፊያ አለመበላቱ፣ የመርፌ ማሰሪያው ብሎን ጥርስ መያዙ።

ዛሬ የሚሠሩት ቅጂዎች፣ በተለይ ለጌጥ ተብለው በተገጣጠሙ ትልቅ የነሐስ ጡሩምባ ባላቸው ግራሞፎኖች ላይ የሚመጡት፣ ኤግዚቢሽንን ይመስላሉ። ጎማቸው ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፣ የመርፌ ብሎናቸው ይላላል፣ ዘንጋቸው በሚካው ላይ ተጎትቶ የታሰረ ነው። በሌላ አባባል አዲሷም ተፈትታ ከላይ እንዳለው መገጠም አለባት። ለእጅ መለማመጃ መጥፎ አይደለችም፤ ለከበረ ሸክላ ግን አትሁን።

የኤዲሰን ዕቃ

ኤዲሰን ሲሊንደር (እንደ ጣሳ ክብ የሆነ፣ ሸክላ ሳይሆን ቱቦ መሰል ቅጂ) ላይ መርፌ አይለወጥም፤ የሚነካው ቋሚ ድንጋይ ነው፣ እንቅስቃሴውም ግራ ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። እዚህ ዋናው ምርጫ የቦዩ ጥበት ነው። የ2 ደቂቃ ሲሊንደር በአንድ ኢንች 100 ቦይ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጣው የ4 ደቂቃው አምበሮል ደግሞ 200። ከድምፅ ሳጥኖቹ ሞዴል ሲ ለ2 ደቂቃው፣ ሞዴል ኤች ለ4 ደቂቃው ነው፣ ሞዴል ኬ ሁለቱንም ድንጋይ ይዞ ይገለበጣል። የ2 ደቂቃውን ሳጥን በ4 ደቂቃው ሲሊንደር ላይ ማጫወት ቦዩን ይፍቃል። ጎማቸውን መለወጥ ከባለ ሚካዋ አይከብድም። ድንጋዩን ግን በጠንካራ አጉሊ መነጽር ይዩት፤ ጠፍጣፋ ፊት ካወጣ የሲሊንደሩን ሰም እንደ ምላጭ ስለሚያርሰው ለባለሙያ ይሂድ።

እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1929 የተመረተው የኤዲሰን ዳይመንድ ዲስክ ወፍራም ሰሌዳ የሚጫወተው በራሱ የአልማዝ ሳጥን ብቻ ነው። በብረት መርፌ አንዴ መጫወት ያበላሸዋል።

ሙከራው

ሳጥኗን ክንዱ ላይ ሳይገጥሙ መርፌ አስገብተው በጥፍር ቀስ ብለው ይምቱት፤ ጥርት ያለ «ጠቅ» ከጉሮሮዋ ይሰማ። ገጥመው ሲያጫውቱ የሚንዘፈዘፍ ድምፅ ካለ የሚፈተሸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የመርፌ ብሎኑ፣ የእምብርቱ ሰም፣ የሞላዎቹ ብሎኖች፣ ሚካው ግድግዳ መንካቱ፣ የጀርባው ጎማ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሸክላ ይሞክሩ፤ ቦዩ የተበላ ሸክላ በጥሩ ሳጥንም ይንጣጣል።

የሙከራ ሸክላ መምረጥ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 በጀርመን ያስቀረጹትም ሸክላ ነው፣ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣውም ሸክላ ነው። የፊተኛው በደቂቃ 78 ዙር የሚጫወት፣ ለብረት መርፌ የተሠራ ደረቅ ሼላክ ነው፤ የኋለኛው በ45 ዙር የሚጫወት ለስላሳ ቪኒል። የግራሞፎን ሳጥን ሸክላው ላይ ከ100 ግራም በላይ ትጭናለች፣ ለቪኒል የተፈቀደው ክብደት 2 ወይም 3 ግራም ነው። የአምሃን ሸክላ ግራሞፎን ላይ ማስቀመጥ በአንድ ዙር መፋቅ ነው። የነጋድራስን ሸክላም ቢሆን ለሙከራ አይጠቀሙ፤ ማንም የማይፈልገው አሮጌ የ78 ሸክላ ይፈልጉ።

የብረት መርፌ አንድ ገጽ ከተጫወተ በኋላ ይጣላል። ሼላኩ ውስጥ ሆን ተብሎ የተጨመረ የድንጋይ ዱቄት አለ፤ መርፌውን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በቦዩ ልክ ይሞርደዋል፣ እየቀጠለ ሲሄድ ደግሞ ጎኖቹን አስልቶ ምላጭ ያደርገዋል። በሞረድ ማሾልም አያድነውም።

አዲስ ጎማ ገጥመው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቦታውን ይይዛል፣ የክዳኑም ብሎኖች ትንሽ ይላላሉ። ያኔ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃል፤ ሚካው ከዘንጉ ጫፍ ጋር መገናኘቱንም በዚያው ከጎን ይዩት።